ወራሪው ከሄደ በኋላ የቀረው ግንኙነት፤ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ሲታዩ

መግቢያ

አንድ አገር በጦር ከተያዘ በኋላ ነጻነቱን ሲያገኝ፥ ከቀድሞ ወራሪው ጋር ያለው ጉዳይ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ወታደሩ ይወጣል፤ ሰንደቅ ዓላማው ይወርዳል፤ ነገር ግን ቃል፥ መሣሪያ፥ ሕንጻ፥ ያልተከፈለ ካሣና ያልታየ ክስ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚያም አዲስ ውል፥ አዲስ ንግድ፥ አዲስ ወዳጅነት ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ ጋር ያላትን እንዲህ ያለ ግንኙነት መመርመር ነው።

ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጨርጨር ደጋ ለማየት የመረጥንበት ምክንያት አለ። ጭሮ ወይም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከታች በቆላው የፈረንሳዮች ኩባንያ የሠራው የምድር ባቡር ሐዲድ አልፏል፤ ከላይ በደጋው ኢጣሊያ ገበሬዎቿን ለማስፈር ሞክራለች፤ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዚሁ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ ተጉዟል። ሦስት የአውሮፓ መንግሥታት ፈለጋቸውን የተዉበት አገር ስለ ሆነ፥ የየትኛው ፈለግ እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ለመለየት ይመቻል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከወረራው በፊት የነበረው ጨርጨር

ብዙ ጊዜ፥ «መንገዱንም ሕንጻውንም ጣሊያን ሠራው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ለጨርጨር ሲሆን መታረም ይገባዋል። አሰበ ተፈሪን የአውራጃው ዋና ከተማ አድርገው ያቋቋሙት፥ በሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እርሳቸው በራስ ተፈሪ ዘመን የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ አውራጃው የምሳሌ አውራጃ እንዲሆን ታስቦ፥ የአስተዳደር፥ የግብርና የመንገድ ሥራ በአዲስ ደንብ ተሞከረበት። የከተማዋም ስም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ሲሆን የራስ ተፈሪን ስም ያነሣል። ተክለ ሐዋርያት በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያም በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ወራሪው ወደ ጨርጨር ሲመጣ ያገኘው ባዶ መሬት አልነበረም፤ በራሱ ሰዎች ሐሳብ መሻሻል የጀመረ አውራጃ ነበረ።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን ሌላውን ወገን መጨመር አለብን። ጨርጨር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በጦር የተያዘ አገር ስለ ነበረ፥ የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ የገባርነት ሸክም ነበረበት። የተጀመረው ማሻሻያ ይህን ሸክም ጨርሶ አላነሣም። ወራሪው በኋላ የተጠቀመበት ቀዳዳ ይኸው ነበር።

የአምስቱ ዓመት አገዛዝ

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የሐረር ከተማ ከአየር ተደበደበች። ሚያዝያ 30 ቀን የግራዚያኒ ጦር ሐረር ገባ፤ በማግሥቱም ድሬዳዋ ተያዘች። ወዲያውም ኢጣሊያ የያዘችውን አገር ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅላ በክፍላተ አገር ስታከፋፍል፥ ሐረር ራሱን የቻለ ግዛት ሆነ። ጨርጨርም በእርሱ ሥር ተመደበ።

ወራሪው በዚህ ግዛት ሦስት ነገሮችን ሞከረ። የመጀመሪያው ስም መለወጥ ነው። አሰበ ተፈሪ የራስ ተፈሪን ስም የያዘች ስለ ነበረች «አስባ ሊቶርያ» ተባለች። ሊቶርያ የሚለው ቃል የተወሰደው የፋሺስት ፓርቲ ምልክት ካደረገው የጥንት ሮማውያን የበትር እስር ነው። ከስሙ ግማሹን ማስቀረታቸውና ንጉሣዊውን ግማሽ ብቻ መቁረጣቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው ሕዝቡን በሃይማኖትና በነገድ መለየት ነው። ለእስልምና አድልዎ በማሳየት መስጊዶች ታደሱ፤ የዐረብኛ ትምህርት ተስፋፋ። የገባርነት አገልግሎትም እንዲቀር ተደረገ። ይህ የተደረገው ለገበሬው ታዝኖ ሳይሆን የቀድሞውን አስተዳደር ሥር ለመንቀል ነው። ይሁን እንጂ ሸክም የቀለለለት ሰው፥ ሸክሙ በማን እጅ እንደ ቀለለ ብቻ ተመልክቶ ማዘን አይችልም። ስለዚህ በምዕራብ ሐረርጌ የዚያ ዘመን ትዝታ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን የሚሸፍን ጥናት ጥናት አይባልም።

ሦስተኛው ማስፈር ነው። ኢጣሊያ ከየክፍለ አገሯ ገበሬ አምጥታ በኢትዮጵያ ደጋዎች ለማስፈር አሰበች። ለሮማኛ ሰዎች የጎንደር አካባቢ፥ ለቬኔቶ ሰዎች የጅማ አካባቢ፥ ለደቡብ ኢጣሊያ ለፑልያ ሰዎች ደግሞ የጨርጨር ደጋ ተመደበላቸው። በአሰበ ተፈሪ አጠገብም በፑልያ ዋና ከተማ ስም የተሰየመ «ባሪ ዴቲዮፒያ» የተባለ መንደር ተጀመረ። ሥራው ግን አልሰመረም። የታሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲሆን የመጡት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የአርበኞች ትግል ጸጥታ ነሳቸው፤ ዕቃ ከኢጣሊያ ማጓጓዝ ውድ ሆነ፤ በሮም ካርታ ላይ ባዶ የመሰለው መሬትም ባለቤት ያለው ሆኖ ተገኘ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ ዕቅዱ ሞተ። የዛሬው የጨርጨር ደጋ ማሽላና በቆሎ፥ ቡናና ጫት የሚበቅልበት የኦሮሞ ገበሬ መሬት ነው።

ከነዚህ ከሦስቱ፥ ማለት ከስሙ፥ ከመለያየቱ ፖለቲካና ከሰፈራው፥ ወራሪው እንዲጸና የፈለገው ሁሉ ፈረሰ። የቀረው እርሱ እንዲቀር ያላቀደው ነገር ነው። ስለዚህም ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ነጻነትና ሌላው እጅ

መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረር፥ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ፥ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከኢጣሊያ እጅ ወጡ። የሐረርን መያዝ ከአዲስ አበባ መያዝ የለየው የዐሥራ አንድ ቀን ጊዜ ነው፤ የጨርጨርና የሚኤሶ አቅጣጫም በዚሁ መካከል ነጻ ወጣ። አሰበ ተፈሪ ስሟን መልሳ አገኘች። ይህች ከተማ ዛሬ በይፋ የምትጠራው ጭሮ ተብላ ነው፤ ሽማግሌዎች ግን ሁለቱንም ስሞች ያውቃሉ። ሊቶርያን የሚጠራ የለም።

ነገር ግን ነጻነቱ ወዲያው ሙሉ አልሆነም። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት፥ የምድር ባቡሩና በሐዲዱ አጠገብ ያለው መሬት በእንግሊዝ ጦር ቁጥጥር ሥር ቀረ። ይህም ማለት የጨርጨር ሰው ከደጋው ወርዶ ሚኤሶ ጣቢያ ሲደርስ፥ በራሱ አገር የሌላ መንግሥት ጦር የሚያዝዝበት ሐዲድ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ገንዘቡም እንዲሁ ነበር። የኢጣሊያ ሊሬ ሲወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተካ፤ የኢትዮጵያ ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ቁጥጥር በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ስምምነት ቢቀርም፥ የኦጋዴንና የሐውድ መሬት ጨርሶ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት እንዲህ ነው፤ ወራሪው በወጣ ጊዜ ነጻ አውጪውም ደንበኛ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ኢትዮጵያ በእነዚያ ዓመታት ከትናንት ጠላቷ ይልቅ ከዛሬ ወዳጇ ጋር የበለጠ መከራከር ነበረባት። ከኢጣሊያ ጋር ቶሎ ለመታረቅ ከገፋፏት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናምናለን። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ ማዘዛቸው የሃይማኖት ቃል ቢሆንም፥ የመንግሥት ጥበብም ነበረበት። መካኒኩ፥ ግንበኛውና አናጢው ለአገር ያስፈልጉ ነበርና።

ውል፥ ካሣና ያልተከፈለው ሂሳብ

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነት እንድታውቅ፥ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል፥ የወሰደችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ግን የደረሰባትን ጉዳት ቆጥራ ያቀረበችው ከ184 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ነበረ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት፥ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የአፍሪካን ጉዳት እንዴት እንደ መዘኑት ያሳያል።

ያም ቢሆን ወዲያው አልተከፈለም። የካቲት 26 ቀን 1948 ዓ.ም. በተደረገ ሌላ ስምምነት ካሣው ከ16 ሚሊዮን ዶላር በጥቂት የበለጠ እንዲሆን ተወሰነ። ዋናው ክፍል የዋለው በአዋሽ ወንዝ ላይ ለተሠራው ለቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 43.2 ሜጋዋት ነው። ከጭሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ ለቆቃ ቅርብ ነው። አዋሽም ከዚያ ወርዶ በጨርጨር ደጋ ግርጌ ባለው ቆላ ያልፋል። ግድቡን የሠሩት የኢጣሊያ ኩባንያዎች ናቸው። ስለዚህ ካሣው ከኢጣሊያ ካዝና ወጥቶ ብዙው ተመልሶ ወደ ኢጣሊያ ፋብሪካ ገባ፤ ለኢትዮጵያ የቀረው ግን መብራቱና ውኃው ነው። ይህን እንደ ማታለል የሚያዩት አሉ፤ እኛ ግን የካሣ ሥራ በየትም አገር ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን፥ የሚቀረው ነገር ጠቃሚ ከሆነም ሙሉ ኪሳራ እንዳልሆነ እናምናለን።

የአክሱም ሐውልት ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ የቆመው ይህ ሐውልት በ18 ወር ውስጥ መመለስ ሲገባው፥ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከፊርማው 58 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በአክሱም ዳግመኛ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ፊርማ ግዴታን ይፈጥራል፤ ግዴታን የሚያስፈጽመው ግን የማይረሳ ጠያቂ ነው።

ጨርሶ ያልተከፈለው ሂሳብ የፍርድ ነው። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን በባዶሊዮ፥ በግራዚያኒና በሌሎችም ላይ ክስ ለማቅረብ በቂ ምክንያት መኖሩን ቢቀበልም፥ በኢትዮጵያ ስለ ሠሩት ሥራ ፍርድ ቤት የቀረበ አልነበረም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተጨፈጨፈው ሕዝብ አይደለም። የኢጣሊያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ መጣሉን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነውም በ1988 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ላይ የሊቢያን ጉዳይ ብናነጻጽር፥ ኢጣሊያ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ከሊቢያ ጋር ባደረገችው ውል በ20 ዓመት ውስጥ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምታ፥ ስላለፈውም አገዛዝ ይቅርታ ጠይቃለች። ሊቢያ ነዳጅ ነበራት፤ ስደተኞችም ወደ ኢጣሊያ የሚሻገሩት በባሕር ዳርቻዋ ነበር። ካሣ የሚለካው በደረሰው ጉዳት ብቻ ሳይሆን በጠያቂው ጉልበትም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቃላት ውስጥ የቀረው

አሁን ወራሪው እንዲቀር ሳያቅደው ወደ ቀረው ነገር እንመለስ። በጭሮ፥ በሒርና ወይም በገለምሶ ከጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፥ ግማሹን የሮም ቋንቋ ይሰማል። መካኒኩ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎንና ዳዶ ይጠይቃል፤ ካንዴላ ይለውጣል፤ ኩሽኔታው ተበልቷል፥ ማርሚታው ተቀዷል ይላል። መኪና፥ ጎማ፥ ካምቢዮ፥ ቺንጋ፥ ላሜራ፥ ጋቢና፥ ታርጋና ቦሎ የሚሉት ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ኢጣሊያንኛ ነው። ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ግንባታ ቢሄድ ሲሚንቶ፥ ወደ ዳቦ ቤት ቢሄድ ፉርኖ፥ ወደ ቡና ቤት ቢገባ ማኪያቶ ያገኛል።

ከነዚህ ሁሉ የሚያስገርመን ፖርቶ መጋላ ነው። በጣሊያንኛ ፖርታባጋሊ ማለት ጓዝ ተሸካሚ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ የመኪና ጣራ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ሆኗል። የቃሉ መጨረሻ እንዴት «መጋላ» ሆነ? በሐረርና በጨርጨር አካባቢ መጋላ ማለት ገበያ ወይም ከተማ ማለት ነው። ጫትና ቡና ተጭኖበት ወደ ገበያ ለሚወርድ መኪና ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም። የቃሉ ለውጥ ከዚህ የመጣ ነው ብለን ለመወሰን አንደፍርም፤ ለጨርጨር ሰው ጆሮ ግን ባዕድ ቃል አይመስልም።

በዚህ ጥናት ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፥ ኢጣሊያንኛ የሆነ ቃል ሁሉ በ1928 ዓ.ም. አልመጣም። ኢጣሊያ ኤርትራን የያዘችው ከዚያ አስቀድማ ስለ ሆነ፥ በንግድና በሰው ምልልስ የገቡ ቃላት አሉ። ሁለተኛ፥ የፈረንሳይኛውን መለየት ያሻል። የፈረንሳይኛ ቃላት የገቡት በተለይ በሐዲዱ በኩልና በትምህርት ቤት ነው፤ ለገሃር፥ ሾፌር፥ ጋራዥና ቢሮ የዚያ ናቸው። ፍሬንና ማርሽ የሚሉትን ግን ከሁለቱም ቋንቋ ማምጣት ይቻላል። ነገሩን በደፈናው ብንወስደው፥ በጨርጨር ቆላ በሐዲዱ ላይ የፈረንሳይ ቃል፥ በደጋው በመኪናው መንገድ ላይ የኢጣሊያ ቃል ይበዛል። ሾፌሩ ፈረንሳዊ ስም ይዞ በኢጣሊያዊው ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል።

ቃላቱ ለምን ቀሩ? ያስተማራቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። ወራሪው ለአገሬው ልጅ የሰጠው ትምህርት እጅግ ትንሽ ነበረ። ያስተማራቸው ሥራው ነው። አገሬው ልጅ ከኢጣሊያዊው መካኒክ ጎን ቆሞ መሣሪያ ሲያቀብል፥ የመሣሪያውን ስም ከመሣሪያው ጋር ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ በኢትዮጵያ የቀሩት ኢጣሊያኖች ጋራዥ፥ ሱቅና ቡና ቤት ከፍተው ሲሠሩ ትምህርቱ ቀጠለ። አብዛኞቹ ከ1967 ዓ.ም. አብዮትና ከንብረት መወረስ በኋላ ሲሄዱ፥ ቃላቱ የአገሬው ሆነው ቀሩ። ዛሬ ካቻቪቴ የሚል ወጣት ጣሊያንኛ እየተናገረ አይመስለውም፤ አይደለምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን «ባንዳ» ነው። ኢጣሊያኖች ይህን ቃል ከአገሬው ለመለመሉት ጭፍራ ስም አድርገው አመጡት። ለእነርሱ የሥራ ስም ነበረ፤ ለኢትዮጵያዊው ግን ወገኑን የከዳ ሰው ስድብ ሆነ። ፍርድ ቤት ያልፈረደውን ቋንቋው ፈረደ ለማለት ይቻላል። ይህንንም ስንል፥ ቃሉ አንዳንድ ጊዜ በገባርነት ተማርሮ የተሰለፈውን ድኻና ለሹመት የተሰለፈውን መኳንንት ሳይለይ እንደሚመታ መርሳት የለብንም።

ያልተወሰደውና በምርጫ የተወሰደው

የቀረውን ነገር በትክክል ለመመዘን፥ ያልቀረውንም ማየት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ሕጓን ስታሻሽል ከኢጣሊያ አልወሰደችም፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊስ ሊቅ፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፈረንሳይ ሊቅ ያረቀቁት ነው። በቅኝ ግዛት ረዥም ዘመን የኖሩት አገሮች እንዲህ ያለ ምርጫ አላገኙም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በ1938 ዓ.ም. የተፈጠረው የሴኤፍኤ ፍራንክ ከነጻነት በኋላም ቀጥሏል። የኢትዮጵያ ወረራ አጭር ስለ ነበረ ሥሩ ወደ ሕግና ወደ ገንዘብ አልወረደም፤ በእጅ ሥራና በምግብ ቆመ።

በምርጫ የተወሰደም አለ። ሳሊኒ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ፥ አሁን ዌቢልድ የተሰኘው፥ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የተጀመረውንና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሠርቷል። በቆቃና በዚህ ግድብ መካከል ያለው ልዩነት ጉልህ ነው። በሁለቱም የኢጣሊያ መሐንዲስ አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በካሣ ገንዘብ፥ ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፥ ገበሬውና ነጋዴው ከኪሱ ባዋጣው ብርና በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ኢጣሊያ ባለ ዕዳ ነበረች፤ በሁለተኛው ቅጥር ሠራተኛ ናት።

በጨርጨር ቆላም ዘመኑ ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ የምድር ባቡር ከሰበታ እስከ ሚኤሶ በአንድ የቻይና ኩባንያ፥ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ በሌላ የቻይና ኩባንያ ተሠርቷል። ሚኤሶ የሁለቱ መገናኛ ሆናለች። ጃፓን ሠራሽ የጭነት መኪናዎች ከበዙ ወዲህ በጋራዡም የእንግሊዝኛ ቃላት እየገቡ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለውን እንደመድማለን። ከወራሪ የቀረ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። በመጀመሪያ በግድ የመጣና ሕዝቡ የጣለው አለ፤ ሊቶርያና የፑልያ መንደር ከዚህ ናቸው። ሁለተኛ፥ ሕዝቡ በሥራው ውስጥ ወስዶ የራሱ ያደረገው አለ፤ ካቻቪቴና ፖርቶ መጋላ እንዲህ ናቸው። ሦስተኛ፥ ነጻ መንግሥት ተዋውሎ ያገኘው ወይም ከፍሎ የገዛው አለ፤ እነ ቆቃና የሕዳሴው ግድብ ማለት ነው። አራተኛ፥ እስከ ዛሬ በሂሳብ መዝገብ ላይ ያለ ዕዳ አለ፤ እርሱም ፍርድ ነው።

በእነዚህ መካከል መቀላቀል አደገኛ ነው። ሁለተኛውን በማድነቅ አራተኛውን የሚረሳ ሰው አለ፤ ማኪያቶ እየጠጣ፥ «ጣሊያን ባይወጣ ኖሮ» የሚል ማለታችን ነው። አራተኛውን በማስታወስ ሦስተኛውን የሚጠላም አለ። የጨርጨር ገበሬ ቡናውን ከኢጣሊያ መምጣት በፊት ያውቀው ነበር፤ ከኢጣሊያ የመጣው ማሽኑ ነው። ማሽኑን መጠቀሙ የቡናው ባለቤትነቱን አይለውጥም።

በመጨረሻም ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ ሥራ እናሳስባለን። የአምስቱን ዓመት ዘመን በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆቻቸው ግን በጭሮ፥ በበዴሳ፥ በገለምሶና በሒርና አሉ። በባንዳነት የተሰለፈውም፥ በአርበኝነት የዘመተውም፥ በሁለቱ መካከል እህሉን ለማዳን የተጨነቀውም የተናገረው ቃል በእነርሱ ዘንድ አለ። በዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ደብተር ይዞ ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ የጋራዥ ሠራተኛ ጋር ቢቀመጥ፥ ይህ ጽሑፍ ያልደረሰበትን ብዙ ነገር ያገኛል።